በኩር ወላድ ላም ሳትራገጥ እንዴት ትታለባለች?

ሱሉልታ ላይ ላም ማርባት ስጀምር የመጀመሪያዋ ጊደሬ ክረምት ላይ ወለደች። ጡቷን ገና ስነካው ባልዲውን ረግጣ ደፋችው። በማግስቱ የኋላ እግሮቿን በገመድ ጠፍሬ አሰርኳት። ልትራገጥ ስትታገል ተንሸራታ ወደቀችና ጡቷን ራሷ ረገጠችው። ቁስሉ ወደ ጡት በሽታ ዞረ፤ ያ ጡት ዳግም ወተት አልሰጠም። ከዚያ ወዲህ በበረቴ እግሯ የሚታሰር ላም የለችም።

ሥራው የሚጀምረው ከመውለዷ በፊት ነው። አንድ ወር ገደማ ሲቀራት በየቀኑ ወደ ማለቢያው እያስገባችሁ ፉርሽካና ፋጉሎ አብሏት፤ አንገቷን፣ ሆዷን፣ በመጨረሻም ግቷን ደባብሷት። እግሯን ስታነሳ እጃችሁን አታሽሹ፤ እስክትረጋጋ እዚያው ይቆይ። ከሸሻችሁ ርግጫ እጅን እንደሚያባርር ትማራለች። ግን እንዳታልቧት፤ የጡቱን ቀዳዳ የሚዘጋው ሙጫ መሰል ነገር ይወጣል።

ስትወልድ ጥጃው እንገሩን ቶሎ ይጥባ።

ዋናው ፈተና ወተቷን ማስለቀቅ ነው። ጡቷ ሲታሽ ወይም ጥጃው ሲጠባ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ከአንጎሏ ወደ ደሟ ይገባል፤ ወተቱን ወደ ጡቱ የሚገፋው እሱ ነው። ከደነገጠች አድሬናሊን ያግደዋል። «ወተቷን ያዘች» የምንለው ይህን ነው፤ ክፋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ህንድ ውስጥ የሚታለቡት ጎሾችማ ይብሳሉ፤ ወተታቸው ከሞላ ጎደል ሁሉ ግቱ ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ ካልለቀቁት ምንም አይገኝም። ሆርሞኑን በየዕለቱ በመርፌ እየወጉ ማለብን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የፈራችውን ላም ጭራሽ መርፌ ማስለመድ ነው።

እኔ የማደርገው ይኸው ነው፦ ጥጃው ትንሽ ይጥባና አጠገቧ ይታሰር። የሱሉልታ ጠዋት ብርዱ ስለሚያንገበግብ ጡቶቿን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ በየራሷ ጨርቅ አደርቃለሁ። ከዚያ አንድ ደቂቃ እታገሳለሁ። የተሸበሸበው ጡት ተወጥሮ ሲያብረቀርቅ ወተቱ ወርዷል። የመጀመሪያውን ጭልፍታ ጥቁር ዕቃ ላይ አልቤ ጓል መኖሩን አያለሁ፤ ካለ ወተቱ ከሌላው አይቀላቀልም፣ ሐኪም ይጠራል። በሁለት ጣት መጎተት ያሳምማታል፤ በሙሉ መዳፍ ከላይ ወደ ታች እየጨመቃችሁ፣ ሆርሞኑ ሳይጠፋ በአምስት ስድስት ደቂቃ ጨርሱ። ሰዓቱም አላቢውም አይቀያየሩባት።

ሲያልቅ ጡቶቹን አዮዲን ውስጥ ንከሩና ድርቆሽ አቅርቡላት። የጡቱ ቀዳዳ ቶሎ ስለማይዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል እየበላች ትቁም፤ ከተኛች ጀርም ከመሬት ይገባባታል።