ኦቲዝም ላለበት ልጅ የውሃ ጨዋታ በሳፋና በጣሳ እንዴት ይዘጋጃል?

ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል ቧንቧ ሲወርድ ቆመው ቢያዩ የማይጠግቡ አሉ፤ ጠብታ ልብሳቸውን ሲነካ የሚጮኹም አሉ። ጨዋታው ለሁለቱም ይሆናል፤ አጀማመሩ ግን ይለያያል።

ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ፣ ሁለት ጣሳ፣ ጆግ፣ ስፖንጅ፣ ክዳኑ በጋለ ሚስማር 5 ቦታ የተበሳ ሃይላንድ፣ ፎጣና ቅያሪ ልብስ አዘጋጁ። የብረት ሳፋ ይቅር። ውሃ ሲወርድበት የሚያወጣው ድምፅ ጆሮው ቶሎ የሚረበሽን ልጅ ገና ሳይጀምር ያስሸሸዋል። ለዚሁ ሲባል ውሃውን ልጁ በሌለበት ቅዱ።

በአንዱ ሳፋ 5 ሊትር ያህል ይበቃል። ቀዝቃዛውን አስቀድሙ፣ ሙቁን ጨምሩ፣ በክርናችሁ ለኩት፤ ክርን ላይ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ ልክ ነው። ሳሙና አትጨምሩ፤ ውሃውም ለመጠጥ የሚሆን ይሁን፣ ልጁ ሊጠጣው ይችላልና። ወለሉ ላይ ፎጣ አንጥፉ፣ እጅጌውን ከክርን በላይ ጠቅልሉለት። የረጠበ እጅጌ ብቻውን ጨዋታውን ሊያበላሽ ይችላል።

ውሃ የሚፈራ ልጅ በባዶ ጣሳ ይጀምር። ቀጥሎ እርጥብ ስፖንጅ፣ ከዚያ በጣሳ መቅዳት። እጁን ይዛችሁ ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ አንድ ጊዜ የተገደደ ልጅ ሳፋውን ሲያይ መሸሽ ይለምዳል።

ከአንዱ ሳፋ ወደ ሌላው መገልበጥ ሲወድ ዋናው ሥራ ይጀመራል፤ ይህም ልጁ የሚፈልገውን በራሱ መንገድ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ጆጉን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ «ልጨምር?» በሉና ዝም ብላችሁ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ዓይኑን ወደ ጆጉ ቢያነሳ፣ እጁን ቢዘረጋ፣ «ጨ» ቢል መልስ ነው፤ ወዲያው አፍስሱለት። ወላጅ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውን በደጋገማችሁ ቁጥር ልጁ የሰማውን ለመረዳት እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፤ መልሱ ሊመጣ ሲል ታቋርጡታላችሁ። ሃይላንዱን ይዞ ጠብታውን ብቻ የሚያይ ከሆነ አትንጠቁት። አጠገቡ ተቀመጡ፣ በሌላ ሃይላንድ እሱ የሚያደርገውን አድርጉ፣ ቆይታችሁ ጣሳችሁን ከጠብታው ሥር ዘርጉ።

ለመጀመሪያ ቀናት 10 ደቂቃ ይበቃል። ሳፋውን ድንገት ማንሳት ለቅሶ ያመጣል። «አምስት ጣሳ ቀረን» ብላችሁ አብራችሁ እየቆጠራችሁ ራሱ ወደ ባልዲ ይገልብጥ። ባዶ ሳፋ ማለቁን ከቃል በላይ ይነግረዋል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር የባልዲው ውሃ ለወለል ወይም ለአትክልት ይሆናል።

ሕፃን ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል። ስልክ ቢጠራ ወይም በር ቢንኳኳ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። የሚጥል በሽታ ካለበት ከእጃችሁ ርቀት እንዳይወጣ። ጨዋታው ሲያልቅ ሳፋውን ድፉት፣ በርሜሉን ክደኑ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከቤት ቢጠፋ አስቀድማችሁ ወንዝ፣ ጉድጓድና የውሃ ማጠራቀሚያ ያለበት ቦታ ሩጡ።