ያለ ኮምፒውተር፦ በባለብዙ ትራክ መቅረጫ ሚክሰር ቤት ውስጥ ሙዚቃ እንዴት ይቀረጻል?

ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለመቅረጽ የግድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ማይክ የሚሰካበት፣ ድምፅ የሚቀረጽበትና በመጨረሻም የሚቀላቀልበት ሁሉም ነገር በአንድ ሳጥን የተጠቃለለበት መሣሪያ አለ፤ ባለብዙ ትራክ መቅረጫ ሚክሰር ይባላል። ትራክ ማለት አንድ ድምፅ ለብቻው የሚቀረጽበት መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ታስካም ያወጣው ፖርታስቱዲዮ 144 በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ ይቀርጽ ነበር። አሁን የካሴቱን ቦታ ኤስዲ ካርድ ወስዶታል፤ አሠራሩ ግን ብዙም አልራቀም።

ስትገዙም ሆነ ስትዋሱ ሁለት ቁጥሮችን አታምታቱ። ለምሳሌ ዙም አር16 16 ትራክ አለው፤ በአንድ ጊዜ መቅረጽ የሚችለው ግን 8 ብቻ ነው። ለብቻው ለሚሠራ ሰው በአንድ ጊዜ 2 መቅረጽ ከበቂ በላይ ነው። ሙሉ ባንድ በአንዴ ለመቅረጽ ካሰባችሁ ግን ሁለተኛውን ቁጥር በደንብ እዩት።

1. ካርዱንና ፕሮጀክቱን አዘጋጁ

ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እዚያው መሣሪያው ላይ ፎርማት አድርጉት። በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የምትፈልጉትን ቀድማችሁ ገልብጡ። ከዚያ አዲስ ፕሮጀክት ክፈቱና የቀረጻውን ጥራት 24 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ምረጡ። በዚህ ልክ አንድ ትራክ በደቂቃ 8 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስምንት ትራክ ያለው የአራት ደቂቃ ዘፈን 250 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ካርድ ይሞላብኛል ብላችሁ ጥራት አትቀንሱ።

2. ገመዱን ሰኩ

ከመሰካታችሁ በፊት የሄድፎኑን ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ጆሯችሁ ያመሰግናችኋል። ዳይናሚክ ማይክ በኤክስኤልአር ገመድ ከተሰካ ሌላ ነገር አይፈልግም። ኮንደንሰር ማይክ ግን ያለ ፋንተም ፓወር፣ ማለትም መሣሪያው በገመዱ በኩል ከሚልክለት 48 ቮልት፣ ድምፅ አይሰጥም። መጀመሪያ ሰኩት፣ ከዚያ ፋንተሙን አብሩ። ስትነቅሉም መጀመሪያ አጥፉት።

ኤሌክትሪክ ጊታር ወይም ቤዝ በቀጥታ የምትሰኩ ከሆነ «ሃይ-ዚ» ወይም የጊታር ምልክት ያለበትን መግቢያ ተጠቀሙ። በሌላው ብትሰኩት ይሠራል፤ ድምፁ ግን ይደፈናል። ኪቦርድ ግራና ቀኝ ስላለው ሁለት መግቢያ ይወስዳል።

3. ጌይኑን አስተካክሉ

ብዙ ቀረጻ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። መሣሪያው ላይ ድምፅ የሚመጥኑ ሁለት ነገሮች አሉ። ላይኛው ክብ ማዞሪያ፣ ጌይኑ፣ ወደ ካርዱ ምን ያህል ድምፅ እንደሚገባ ይወስናል። ታች ያለው ተንሸራታች፣ ፌደሩ፣ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚወስነው እናንተ የምትሰሙትን ብቻ ነው። ድምፁ ከልክ አለፈ የሚለው ቀይ መብራት ብልጭ ሲል ደንግጦ ፌደሩን የሚያወርድ ሰው ጆሮውን አሳረፈ እንጂ ቀረጻውን አላዳነም። ድምፁ ተቆርጦ ነው የሚገባው፤ በኋላ ምንም ብታደርጉ አይመለስም።

ስለዚህ ፌደሩን 0 የሚለው ምልክት ላይ አስቀምጡና እጃችሁን አንሱለት። ከዚያ የዘፈኑን በጣም ጮክ የሚባልበትን ቦታ እውነተኛ በሆነ ጉልበት ዝፈኑ። ሰው ለሙከራ «አንድ ሁለት» ሲል ይለሰልሳል፤ አዝማቹ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በዚያ ከፍተኛ ቦታ ላይ መለኪያው ከ−12 ዲሲቤል አካባቢ እንዳያልፍ ጌይኑን መጥኑት። የመለኪያው ጣሪያ 0 ነው።

«በጣም አነሰ» የሚል ስሜት ይመጣል። አትስሙት። በካሴቱ ዘመን የቴፑ ሹክሹክታ እንዳይሰማ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይቀረጽ ነበር። በ24 ቢት ያ ችግር የለም፤ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ለድምፃዊ ማይኩን ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር አርቁት። ባዶ ግድግዳ ፊት ከመቆም ይልቅ መጋረጃ፣ ፍራሽ ወይም ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ባለበት በኩል መቅረጽ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል። ቀረጻው ውስጥ የገባ የክፍል ድምፅ አይወጣም።

4. መሠረቱን ቅረጹ

የዘፈኑን ፍጥነት ለዩና ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም አብሩ። ትራክ 1ን ለቀረጻ ክፈቱ፤ ቁልፉ ቀይ ይሆናል። ጊታር ወይም ኪቦርድ ከመሪ ድምፅ ጋር ከዳር እስከ ዳር ቅረጹ። ይሄ መመሪያ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከተደረበ በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ቃናው ቢሳትም ግድ የለም፤ ምቱ ግን አይሳት።

ሄድፎኑ ጆሮን የሚዘጋ ይሁን። ክፍት ከሆነ የሜትሮኖሙ «ቲክ ቲክ» ወደ ማይኩ ሾልኮ ይገባና ዘፈኑ ጸጥ በሚልበት ቦታ ጉዱ ይወጣል።

5. ደርቡበት

ሁለተኛውን የሙዚቃ መሣሪያ ከመጀመራችሁ በፊት የትራክ 1ን ቀይ መብራት አጥፉ። ይሄን የረሳ ሰው በሠራው ላይ ይቀርጽበታል። አብዛኞቹ መቅረጫዎች የተሠራውን የሚሽር «አንዱ» (Undo) የሚል መመለሻ አላቸው፤ ሌላ ነገር ሳትነኩ እሱን ተጫኑ። ከዚያ ትራክ 2ን ክፈቱ፣ የመጀመሪያውን እየሰማችሁ ተጫወቱ። ቤዝ፣ ድምፅ፣ ተቀባይ እያላችሁ ቀጥሉ።

አንድ ስንኝ ብቻ ከተበላሸ ሙሉውን አትድገሙ። መሣሪያው የት ገብቶ የት እንዲወጣ ምልክት ስጡት፤ ፓንች ኢን ይባላል። ዘዴው መግቢያውን ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ሁለት ስንኞችም አብራችሁ ዝፈኑ። አይቀረጹም፤ ግን ድምፃችሁ በዚያው ስሜት ስለሚደርስ መጋጠሚያው አይታወቅም። የቃል መሃል ላይ ከገባችሁ ግን ስፌቱ ይሰማል።

ትራክ ካለቀባችሁ ተቀባዮቹን ወደ ሁለት ትራክ ማጠቃለል ይቻላል፤ ባውንስ ነው የሚባለው። ከተጠቃለለ በኋላ አንዱን ብቻ ማውረድ ስለማይቻል መጀመሪያ ፕሮጀክቱን ቅጂ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

6. ቀላቅሉ

ፌደሮቹ አሁን ነው ሥራቸው። ሁሉንም ወደ ታች አውርዱና ድምፃዊውን አንሱ። ሌላውን በእሱ ዙሪያ አንድ በአንድ አምጡ። ድምፅ፣ ቤዝና የከበሮው ትልቁ ምት መሃል ይቀመጡ። ጊታርና ኪቦርድ ግራና ቀኝ ይከፋፈሉ፤ ይሄ ብቻውን ግርግሩን ግማሽ ያጸዳል።

የድምፃዊው ትራክ ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡ፤ ጉርምርምታ እንጂ ዜማ የለበትም። ሁለት የሙዚቃ መሣሪያ ሲጋፋ አንዱን ከመጨመር የሌላውን ጥቂት መቀነስ ይሻላል። ሪቨርብ የሚባለውን ማስተጋቢያ ደግሞ ይጣፍጣል ብላችሁ አታብዙት። እስኪሰማ አምጡት፣ ከዚያ ትንሽ መልሱት።

በዝቅተኛ ድምፅ ስሙት። ቃላቱ አሁንም ጥርት ብለው ከተሰሙ ተሳክቷል። ድካም ከተሰማችሁ ለነገ አሳድሩት፤ የደከመ ጆሮ ሁልጊዜ «ጨምር» ነው የሚለው።

7. አውጡት

የቀላቀላችሁትን፣ ሚክሱን፣ ወደ ስቴሪዮ ማስተር፣ ማለትም ወደ መጨረሻው የግራና ቀኝ ቅጂ ስትቀርጹ ዋናው መለኪያ ከ−3 ዲሲቤል አይለፍ። መሣሪያው ውስጥ ያሉት ዝግጁ የማስተሪንግ (የመጨረሻ ማጠናቀቂያ) ቅንብሮች በአብዛኛው ድምፁን ያስጮሁታል እንጂ አያሻሽሉትም፤ ሁለቱንም አውጥታችሁ አወዳድሩ። ከዚያ በዋቭ ፋይል አስቀምጡና በዩኤስቢ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ማስተሩን ብቻ ሳይሆን የፕሮጀክቱን ማህደር በሙሉ ገልብጡ፤ ሚክሱን ማስተካከል ብትፈልጉ ያለ ትራኮቹ አይሆንም። መሣሪያውን ስትዘጉ ገመዱን ከሶኬት አትንቀሉ፤ በማጥፊያው ዝጉትና ስክሪኑ እስኪጠፋ ጠብቁ። ብዙዎቹ ፕሮጀክቱን ሴቭ የሚያደርጉት በዚያች ቅጽበት ነው።