አውቶማቲክ ካምቢዮን የሚጎዳው የቱ ነዳጅ አረጋገጥ ነው?

ሞተሩ ሞቆ በዲ (ወደፊት መንጃው) እየሄዳችሁ ለመቅደም ነዳጅ እስከ ወለሉ ብትረግጡ ካምቢዮው አይጎዳም፤ ማርሽ ቀንሶ ጉልበት እንዲሰጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። የሚገድለው መኪናው ሳይነቃነቅ መርገጥ ነው። ያኔ የሞተሩ ጉልበት ቶርክ ኮንቨርተሩ (ጉልበቱን በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ዘይቱ በሰከንዶች ይግላል።

በክረምት የጅማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጭቃ ከያዛችሁ በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ አትርገጡ። እምቢ ካለ ሞተሩን ሳታጠፉ ኤን (ኒውትራል) ላይ አድርጉና 1 ወይም 2 ደቂቃ ጠብቁ፤ ፓምፑ የጋለውን ዘይት በማቀዝቀዣው ያዞረዋል። ከዚያ በሚነዳው ጎማ ሥር አሮጌ የቡና ጆንያ አንጥፉና ነዳጅ በስሱ ስጡ። ከጆንያው ኋላ ሰው አይቁም፣ ተስፈንጥሮ ይመታል። ከዲ ወደ አር (የኋላ ማርሽ) ስትቀይሩ ጎማው ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ፍሬን ተይዞ ይሁን፤ እየዞረ ከቀየራችሁት ክላቾቹን ትበሏቸዋላችሁ።

ሲቪቲ ካምቢዮ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶና በፑሊ የሚሠራው) ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትታገሉ፣ አስጎትቱ። ሲሽከረከር የነበረ ጎማ ድንገት መሬት ሲነክስ ቀበቶው ፑሊው ላይ ተንሸራቶ ይፍቀዋል፤ ያ ደግሞ በዘይት ቅያሪ አይድንም።