ውሃም ማስክም እያለ አቧራው አልቀነሰም? ችግሩና መፍትሄው

አቦ ድሬም ሀረርም ግራናይትና እምነበረድ የምትቆርጡ ልጆች፣ ከአቧራው ዋናው ጠላት በአይን የምታዩት አይደለም፣ ትልልቁ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ሳንባ ታች ድረስ ወርዶ ጠባሳ የሚሰራው ድንጋዩ ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ደቃቅ አቧራ ነው። ስለዚህ "አየሩ ጠርቷል" ብላችሁ ቶሎ ማስክ አታውልቁ።

"ውሃ እናፈሳለን ግን ይበናል"

ብዙ ቤት የማየው አንዱ ይቆርጣል፣ ረዳቱ ክዳኑን በበሳው ሃይላንድ ከጎን ይረጫል፣ ስልኩ ሲጮህ ዞር ይላል፣ ያኔ ዲስኩ በደረቁ ይሄዳል። ውሃው ድንጋዩ ላይ መፍሰሱ ብቻ አይበቃም፣ ዲስኩ ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ ላይ ሳያቋርጥ መድረስ አለበት። በርሜል ወይም ጀሪካን ከፍ አድርጉና ቀጭን ቱቦ አውርዳችሁ ጫፉን የዲስኩ መሸፈኛ ላይ እሰሩት። ውሃ ከሄደ መቁረጡም ይቁም፣ ድሬ ነው እንግዲህ፣ በርሜሉን ማታውኑ ሙሉት። ደሞ ተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ሰው ይገድላል፣ ለውሃ የተሰራ ማሽን ወይም በኮምፕሬሰር አየር የሚሰራውን ተጠቀሙ፣ መስመሩ ላይም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጠው ሊኬጅ ብሬከር ይግባ።

"ስንቆርጥ ደህና ነው፣ ጠዋት ስንጠርግ ግን ቤቱ ጭስ ይመስላል"

ጭቃው ደርቆ ነው። በድሬ ሙቀት ምሳ በልታችሁ እስክትመለሱ ይደርቃል፣ ከዛ መጥረጊያ ሲነካው ያው ሲሊካ ተመልሶ ይነሳል። እርጥብ እያለ በውሃ እጠቡት፣ የጫት ሰአት ከመድረሱ በፊት። በኮምፕሬሰር ልብስ ማራገፍ የሚባለውን ነገር እርሱት፣ ከመቁረጡ አይተናነስም። ቱታው እዛው ይቅር፣ ቤት ይዛችሁት ከገባችሁ ልጆቻችሁም ይተነፍሱታል።

"ማስክ አደርጋለሁ አፍንጫዬ ውስጥ ግን አቧራ አለ"

የኮሮና ጊዜዋ ሰማያዊ ማስክም ሻሽም ለዚህ አይሆኑም። ቢያንስ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራው ኤን 95 ማስክ፣ ከተቻለ ከሱ በተሻለ የሚያጣራው የጎማው ባለ ፒ 100 ፊልተር። ሁለቱም ላስቲክ ይታሰር፣ ፊት ላይ ግጥም ይበል። ፂም ካለ አይገጥምም፣ ለሀይማኖት ብሎ ያሳደገውን ተላጭ አልልም፣ ለሱ ያለው አማራጭ አየር በሞተር የሚነፋ ኮፍያ ያለው ነው፣ ውድ ነው ግን። ሌላው ጫት ነው፣ እየቃሙ ማስክ አገጭ ላይ ማውረድ ካለማድረግ እኩል ነው። ለማንኛውም ማስክ የመጨረሻ ነው፣ ውሃው ይቀድማል። ወጪው ደሞ የአሰሪው ነው፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመከላከያ እቃ አቅርብ ይለዋል።

"የድሮዎቹ ሲቆርጡ ኖረው ምንም አልሆኑም"

እነሱ በብዛት የቆረጡት እምነበረድ ከሆነ ንጹህ እምነበረድ አብዛኛው ኖራ ነው፣ ሲሊካው ትንሽ ነው። ግራናይት እስከ 45 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ ለኪችን የሚመጣው አርቴፊሻል ኳርትዝ ደሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆን አለ። አውስትራሊያ በ2024 ይሄን ኳርትዝ ያገደችው በዚሁ ምክንያት ነው። ድንጋዩ ሲቀየር ጥንቃቄውም ይቀየር።

"ሳል አልለቅ አለኝ፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል"

የግመል ወተት ጠጣ ይሉሃል፣ ወተት የሚሄደው ጨጓራ ነው፣ ሳንባ አያጥብም። ሲሊኮሲስ፣ ማለትም ሲሊካ ሳንባ ላይ ጠባሳ የሚሰራበት በሽታ፣ ሊሆን ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 አመት በላይ ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ አቧራው ከበዛ ግን በጥቂት አመትም ይመጣል፣ ጠባሳው ደሞ አይድንም። ቲቢም ሊሆን ይችላል፣ ሲሊካ የገባበት ሳንባ ለቲቢ ይበልጥ ስለሚጋለጥ ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ድሬ ድል ጮራ ሆስፒታልም ሂድ ሀረር ህይወት ፋና ሆስፒታልም፣ ስትገባ ግን "ሳል አለኝ" ብቻ አትበል፣ "ድንጋይ ቆራጭ ነኝ፣ ይሄን ያህል አመት ሰርቻለሁ" በል፣ ካልነገርከው ሀኪሙ ላያስበው ይችላል። ራጅና የአክታ ምርመራ ጠይቅ፣ ቲቢ ከተገኘ መድሃኒቱ በመንግስት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ሲሊኮሲስ ነው ካሉህ ከአቧራው መውጣት አለብህ፣ ልኬት ወይም ገጠማ ላይ ያዙሩህ፣ ገጠማው ግን ሳይት ላይ በደረቅ የሚቆረጥበት ከሆነ ያው ነው።