ብራውዘሩ የሚሸፍንልን የኤችቲኤምኤል ስህተቶች

ድረ ገጽ የሚሠራበትን ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤልን፣ ስትጽፉ ብትሳሳቱ ብራውዘሩ አይጮህባችሁም። ብዙ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች አንዲት ቅንፍ ብትጎድል ሥራ ያቆማሉ። ብራውዘር ግን የጎደለውን በራሱ ሞልቶ፣ የተጣመመውን አቃንቶ ገጹን ያሳያችኋል። ለጀማሪ ደስ ይላል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው፤ የሚያቃናው በራሱ ደንብ እንጂ እናንተ ባሰባችሁት መንገድ አይደለምና።

አወቃቀሩ ራሱ ከባድ አይደለም። ከላይ የዶክታይፕ መስመር አለ። ቀጥሎ ሁሉን ያቀፈው የኤችቲኤምኤል ታግ ይመጣል፤ ታግ ማለት የገጹን ክፍል የሚከፍትና የሚዘጋ ምልክት ነው። በውስጡ ሄድና ቦዲ አሉ፦ ሄድ ስለ ገጹ ይናገራል፣ ቦዲ አንባቢው የሚያየውን ይይዛል።

ዶክታይፕን መርሳት

ይህች መስመር ታግ አይደለችም፤ ለብራውዘሩ «በዘመኑ ደንብ አንብበኝ» የምትል መልእክት ናት። ድሮ ረጅም አድራሻ ተሸክማ ትጻፍ ስለነበር በቃል የሚይዛት ሰው ጥቂት ነበር። ከኤችቲኤምኤል5 ወዲህ ሁለት ቃል ብቻ ሆናለች። ከጎደለች ወይም ሌላ ጽሑፍ ከቀደማት ብራውዘሩ ገጹን የ1990ዎቹ ነው ብሎ ይገምታል፤ ኩዊርክስ ሞድ ወደሚባለው የድሮ አሠራርም ይገባል። ያኔ ለምሳሌ ቦዲ ላይ ያስቀመጣችሁት የፊደል መጠን ሠንጠረዥ ውስጥ አይደርስም። የገጹን መልክ የሚወስነውን ሲኤስኤስ ስታገላብጡ ትውላላችሁ፤ ችግሩ ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው።

የቻርሴት መስመርን መዝለል

ቻርሴት የፋይሉ ፊደላት በየትኛው ስልት እንደተቀመጡ ለብራውዘሩ የሚነግር መስመር ነው። በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ዋነኛው ስህተት ይህን መዝለል ነው። «ሰላም» 3 ፊደል ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ስልት ሲቀመጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 9 ባይት ይሆናል። ብራውዘሩ ይህ ካልተነገረው እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ የላቲን ምልክት ሊያነበው ይችላል። ሰላም ባላችሁበት ቦታ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ ሦስት ጊዜ ትመጣለች፤ በመሃል ሌላ ኮተት ተሰክቷል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ፎንት ለመቀየር ይሮጣል። ፎንቱ ምንም አላጠፋም። መስመሩን ሄድ ውስጥ መጀመሪያ ላይ አስገቡ፤ ደንቡ በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ እንዲገኝ ያዛል። ፋይሉንም ራሱን በዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርጉት።

እግረ መንገዳችሁን የቋንቋውን ምልክት አስተካክሉ። ከቴምፕሌት የተገለበጠ ገጽ «እንግሊዝኛ ነኝ» እንዳለ ይቀራል። ለዓይነ ስውራን ገጹን የሚያነብላቸው ስክሪን ሪደር ደግሞ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ የሚወስነው ይህን አይቶ ነው። ትንሽ ነገር መስሎን የምናልፈው ሌላውን ሰው ከገጹ ያስወጣዋል።

ሄድ ውስጥ የሚታይ ነገር ማስገባት

ሄድ ሲባል የገጹ አናት መስሏቸው ሎጎውን እዚያ የሚከቱ ጀማሪዎች አሉ። ብራውዘሩ ሄድ ውስጥ የምስል ወይም የዲቭ (ይዘትን በአንድ ሳጥን የሚያቅፍ) ታግ ሲያገኝ ሄድን እዚያው ዘግቶ ቦዲን ይከፍታል። ከሎጎው በታች የጻፋችኋቸው ስለ ገጹ የሚናገሩ የሜታና የሊንክ መስመሮች ሁሉ ቦዲ ውስጥ ይወድቃሉ። ለዓይን ምንም አይታወቅም። ጉግል ግን የገጹን ዋና አድራሻ የሚጠቁመውን ካኖኒካል ሊንክ የሚቀበለው ሄድ ውስጥ ሲያገኘው ብቻ ነው።

የገጹን ርእስ በሚይዘው ታይትል ላይ ብራውዘሩም ምሕረት የለውም። መዝጊያ ታጉን ከረሳችሁ ከዚያ በታች ያለው ፋይል በሙሉ ርእስ ተደርጎ ይቆጠራል። የሚቀራችሁ ነጭ ገጽ ነው።

ገጹ በስልክ ስክሪን ስፋት እንዲታይ የሚያዘው የቪውፖርት መስመርም እዚሁ ሄድ ውስጥ ነው ቦታው። ከሌለ ብዙ የስልክ ብራውዘሮች ገጹን 980 ፒክስል ስፋት ሰጥተው ያጠቡታል፤ ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል።

ታግን አለቦታው መክተት

ይህን ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። የአንቀጽ ታግ የሆነውን ፒ ትከፍታላችሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ። ዲቭ ከፍታችሁ ትዘጋላችሁ። ሌላ ዓረፍተ ነገር ጨምራችሁ ፒውን ትዘጋላችሁ። ንጹሕ ይመስላል። ግን ፒ ዲቭን መያዝ አይችልም፤ ብራውዘሩ የዲቩን መክፈቻ ሲያይ ፒውን ወዲያው ይዘጋዋል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ለፒ የሰጣችሁት ቀለም አይደርሰውም። የመጨረሻው መዝጊያ ደግሞ የሚዘጋው ስለሌለ ብራውዘሩ አንድ ባዶ ፒ ይፈጥርለታል። «ይህ ክፍተት ከየት መጣ?» እያልኩ አንድ ምሽት ሙሉ ማርጂን (በክፍሎች ዙሪያ ያለውን ክፍተት) ስነካካ ያመሸሁት በእንደዚህ ያለ ባዶ ፒ ምክንያት ነው።

የርእስ ታጎችን ለፊደላቸው መጠን ብላችሁ አትምረጡ። መጠን የሲኤስኤስ ሥራ ነው። ከዋናው ርእስ ከኤች1 በቀጥታ ወደ አራተኛው ደረጃ ወደ ኤች4 ስትዘሉ በርእስ እየዘለለ የሚያነብ የስክሪን ሪደር ተጠቃሚ መንገዱ ይጠፋበታል።

የጻፉትን ብቻ ማየት

ብራውዘሩ ውስጥ ሁለት መመልከቻዎች አሉ። ቪው ሶርስ የሚያሳያችሁ እናንተ የጻፋችሁትን ነው። ኢንስፔክት የሚያሳየው ብራውዘሩ ከዚያ የሠራውን ነው። አንድ ነገር አልገባ ሲላችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ክፈቷቸው። ሶርሱ ላይ አንድ ፒ አለ፤ ኢንስፔክት ላይ ሁለት፣ አንዱም ባዶ።