የጥፍር ስቲከር እንዳይላቀቅ ያደረግኩት

በአዳማ ሙቀትና ላብ የጥፍር ስቲከሬ ጠርዝ ቶሎ ይነሳል፤ ፀጉሬን በነካሁ ቁጥር ይይዝብኛል። መፍትሄው የተሻለ ሙጫ አልነበረም። ጥፍር ላይ ቅባት ካለ ስቲከር በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ ከመለጠፌ በፊት አሴቶን በነካ ጥጥ እጠርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሎሽን የለም!

ስቲከሩን ከጥፍሩ ትንሽ አሳንሼ እቆርጣለሁ፤ ቆዳ ላይ ከወጣ መነሳቱ አይቀርም። ከላይ ቀለም የሌለው ኩቴክስ ስቀባ ደግሞ የጥፍሩን ጫፍ አብሬ እሸፍናለሁ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ውሃ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ኩቴክሱን ስስ አድርጌ እደራርባለሁ። ወፍራም ከሆነ ላዩ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ አረፋም ያወጣል። እስኪደርቅ ቬንትሌተሩን አጠፋለሁ (በዚህ ሙቀት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ)።

አሁን ዕቃ ሳጥብም አይነሳም። ለልብስ ግን ጓንት አደርጋለሁ።