«ደርቋል» የተባለ ጣውላ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሳቢያን ወዳለው ግቢዬ መጣ። ከጅማ በኩል ዋንዛ በአይሱዙ አስጭኖ አምጥቷል፤ በወሩ በር አሠርቶ ጅቡቲ ሊልክ ነው። «ደርቋል ወይ?» አልኩት። «ሦስት ወር ሆኖታል ብለውኛል» አለኝ። አቦ! ይህችን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ልጻፈው፤ የድሬ ሰው ነኝና አንቱታ አትጠብቁ።

እንጨት የሚደርቀው በወር ቆጠራ ሳይሆን በሚያርፍበት አየር ልክ ነው። ክረምቱን ጅማ ተከምሮ የቆየ ጣውላ ለጅማ ደርቋል፤ ለድሬ ገና ጥሬ ነው። እዚያ 16 በመቶ ገደማ ውሃ ይዞ የተረጋጋው፣ እዚህ 1,200 ሜትር ላይ በእኛ ሙቀትና ነፋስ ወደ 8 እና 9 ይወርዳል። ውሃው ሲወጣ ጣውላው ይኮማተራል፤ ያውም እኩል አይደለም፣ የዛፉን የዕድገት ቀለበት ተከትሎ የሚኮማተረው ወደ ግንዱ ልብ አቅጣጫ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። መጣመም የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በሩ ተሠርቶ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ገንዘቡ ከተበላ በኋላ ነው።

ከሌላ ሰው አልሰማሁትም፣ ራሴው ሠርቼዋለሁ። ለሐረር ደንበኛ 14 በር ሠርቼ ባስረከብኩ በአራተኛው ወር ተጠራሁ። ጀጎል ውስጥ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አናጢ አብሮኝ ቆሞ ነበር። ጣቱን በመጋጠሚያው ክፍተት አሾልኮ «ልጄ፣ ይሄ በር ነው ወንፊት?» አለኝ። 14ቱንም በራሴ ወጪ መለስኩ።

የእርጥበት መለኪያ ካለህ ጥሩ፤ ግን ርካሹ ላዩን ብቻ ነው የሚያነበው። ከሌለህ ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተህ ቁራጭ አውጣ (ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይዋሽሃል)። ወዲያው በወርቅ ሚዛን አስመዝን፤ መጋላ ሰፈር ያሉት ወርቅ ሠሪዎች ስቀውብህም ቢሆን ይመዝኑልሃል። ከዚያ 103 ዲግሪ ላይ በኦቭን ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀህ እንደገና መዝን። የቀነሰውን ለደረቁ ክብደት አካፍል፣ በመቶ አባዛ። አለቀ።

ይህን የሰማ ጀማሪ ደግሞ ጣውላውን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ጤፍ መሰለው! ላዩ ቶሎ ደርቆ ሲጠነክር ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ጫፉ ይተረተራል። በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ በየረድፉ መሐል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አስገባ፤ እንጨቶቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ። የጣውላውን ጫፎች ቀለም ወይም ሰም ቀባ።

ጅቡቲ ደግሞ ሌላ አገር ናት፣ በአየሯም ጭምር። በቀዝቃዛው ወራት የባሕሩ እርጥበት ይነሣል፣ ድሬ ላይ ጠብቆ የተሠራ በርም ያብጣል። ስለዚህ የበሩን የመሐል ሰሌዳ ኮላ አትቀባው፤ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ይንቀሳቀስ።

ወረቀትን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ ትዕግሥቴ አልቋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ዛሬም «ከገበሬ ማሳ ነው» ማለት ብቻ አያሻግርም። የገበሬው ከሆነ ከየትኛው ቀበሌ ማሳ፣ በማን ፈቃድ እንደተቆረጠ የሚያሳይ ወረቀት ሳትይዝ ቀብድ አትክፈል። ወደ አውሮፓ የማሻገር ሐሳብ ካለህ ዛፉ የበቀለበትን ቦታ መጋጠሚያ ነጥብ (ጂፒኤስ) በስልክህ መዝግብ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጣ እንጨት አይግባ ይላል።

ስሙንም በአንድ ቋንቋ ብቻ አትጻፍ። እኛ ዋንዛ የምንለውን የጨርጨር ገበሬ ዋዴሳ ይለዋል፣ የውጭ ገዢ ደግሞ ኮርዲያ አፍሪካና። አንድ ደላላ «ጥቁር እንጨት»ን ቃል በቃል ተርጉሞ ለገዢ ሲልክ አይቻለሁ። ሰውዬው ዞጲ የመሰለ ጠቆር ያለ እንጨት ጠበቀ፤ የእኛው ጥቁር እንጨት ግን ፕሩነስ አፍሪካና ነው፣ ቀላ ያለ፣ ያውም ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ያለ። ትርጉሙ ጭነቱን አስቀረ።

ሌላው ጥቃቅን ነው፤ ግን እሱም ያስከፍላል። ከማሳ አጥር የተቆረጠ ግንድ ውስጥ ሚስማር አይጠፋም፣ ለመጋዝ ከመስጠትህ በፊት ፈትሽ። ከጭነቱ ሥር የምታነጥፈው ፓሌት ልቡ ድረስ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የተሞቀና ማኅተሙ የታተመበት ይሁን፤ ውድ በር ቅርፊቱ ባልተላጠ ርካሽ ርብራብ ምክንያት ወደብ ላይ ይታገዳል። እርጥብ እንጨት ኮንቴይነር ውስጥ ቆልፈህም አትላክ። ቀን ሲግል ከእንጨቱ የወጣው እንፋሎት ሌሊት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ በዕቃህ ላይ ይንጠባጠባል።

ወጣቱ በማግሥቱ ቁራጩን ይዞ መጣ። 61 ግራም ኦቭን ገባ፣ 50 ሆኖ ወጣ፤ 22 በመቶ። ጣውላው አሁን ግቢዬ ጥላ ሥር ተደርድሯል። ኪራይ አልጠየቅኩትም፣ የከሰዓቱን ጫት ግን እሱ ነው የሚገዛው።